ሦስት ጆተኒ በግምጃ ቤት

«ጥር 23 ይሁን» አልኩት በስልክ። መልስ አልሰጠኝም፤ ሳቀ። ስልኩን ከጆሮው አራቅ አድርጎ ያልኩትን አጠገቡ ለነበረ ሰው ሲነግረው ተሰማኝ፤ ያም ሳቀ።

«ጋሼ፣ ጥር 23 እኮ ፈረስ ነው» አለኝ ተመልሶ። «ያን ቀን እዚህ ማን ይቀራል ብለው ነው?»

ቀን መቁረጥ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። 21 አስተርዮ ማርያም ነው፤ በዚያ ቀን ጆተኒ ከብቦ መጯጯህ ነውር ነው። 22 ፈረሰኛው ወደ እንጅባራ ይንቀሳቀሳል። «እንግዲያው 20» አለ ልጁ፤ 20 ሆነ። አዲስ አበባ ተቀምጬ ለሰው አገር ቀን ስቆርጥ፣ የመጀመሪያውን ጥፋት ገና ከቤቴ ሳልወጣ አጠፋሁ።

ልጁን የማውቀው ከሰፈራችን ነው። ከግምጃ ቤት እንደመጣ ሊስትሮ ነበር፤ ኋላ መንገድ ጥግ ላይ ያለውን ጆተኒ ጠባቂ ሆነ። ሳንቲም ይሰበስባል፣ ብረቱን ዘይት ይቀባል፣ ኳስ በኪሱ ከትቶ የሚሮጠውን ሕፃን እየተከተለ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ እያየ እሱ ራሱ ብዙም አይጫወትም ነበር። ሲጫወት ግን ከአጥቂው ብረት በስተቀር ሌላውን አይነካም፤ ሦስቱን ሰዎች አጎንብሶ ኳሷን ይተኛባታል፣ ያዘናጋል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ!»። ጥቂት ብር ሲቋጥር አንድ አሮጌ ጆተኒ ገዛ፤ እግሩን ፈትቶ አውቶቡስ ላይ ጫነና አገሩ ገባ።

ሦስቱን የግምጃ ቤት ጆተኒዎች አንድ ቦታ አቁሞ አንድ ቀን ማጫወት የማን ሐሳብ እንደነበር አሁን በትክክል አላስታውስም። የእሱ ይመስለኛል። ግን ክፉኛ የቆሰቆስኩት እኔ ነኝ፤ የፒንቦሉን ወሬ ስለነገርኩት።

ፒንቦል ያየሁት ባሕር ማዶ ዘመድ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ነው። ላላየው ሰው፣ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ፣ ላዩ በመስታወት የተከደነ ጠባብ ሣጥን ነው በሉት። የብረት ኳሷን ሞላ ወደ ላይ ያስፈነጥራታል። ስትንከባለል የደወል መዓት እያስጮኸች ትወርዳለች፤ ከታች ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ መምቻዎች በአዝራር እያንቀሳቀሱ ጉድጓድ እንዳትገባ መከላከል ነው ጨዋታው። ሞላው የቆየ ነገር ነው፤ ሞንታግ ሬድግሬቭ የሚባል ሰው በ1871 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። መምቻዎቹ ግን የመጡት በ1947 ነው። ከዚያ በፊት ሰዉ ኳሷን ከለቀቀ በኋላ ማድረግ የሚችለው ነገር ቢኖር ሣጥኑን በዳሌው መግፋት ነበር። እሱንም በ1930ዎቹ ሃሪ ዊሊያምስ የሚባል ባለሙያ ከለከለው፤ ሣጥኑ ሲነቀነቅ ጨዋታውን ቀጥ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራበት።

እኔ የገባሁበት አዳራሽ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሽን በየራሳቸው መኪና ጭነው አምጥተዋል። ሳንቲም የለም፤ መጥቶ የነካ ይጫወታል። ቺካጎ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ የሚካሄድ ትልቅ የፒንቦል ትርኢት እንዳለ ነገሩኝ፤ የእነሱ ግን የመንደር ነው። አንዱ ሽማግሌ የማሽኑን ክዳን አንስቶ ሆድ ዕቃውን፣ እንደ አንጀት የተጠላለፈውን ሽቦ፣ ሲያሳየኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅ ሰው አልሰማሁም። «የእኔን ና እይልኝ» ነበር የሁሉም ንግግር።

መነሻው ይኼ ነው። ከመርካቶ አሥራ ሁለት ኳስ፣ አንድ ከረጢት ጎማ፣ ከምናለሽ ተራ ደግሞ ሰዎቹ የተሰኩባቸው አራት ብረቶች ገዛሁ። ብረቶቹን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከአውቶቡሱ ወንበር ሥር አጋደምኳቸው። ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ከዚያ ወዲያ አንድ ፍተሻ ላይ ሁላችንም ውረዱ ተባልን፤ ወጣቱ ፈታሽ ማዳበሪያውን ከውጭ ዳበሰና ፊቱ ተለወጠ።

«የማነው ይሄ?»

«የእኔ።»

«ምንድን ነው?»

«ጆተኒ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የማይታመን መሰለኝ። ፍታው አለኝ። ፈታሁት። አምስት ሰው የተሰካበት የመሐል ብረት ብቅ ሲል ትንሽ ዝም ብሎ አየው፤ በአንድ ጣቱ መታ ሲያደርገው አምስቱም ሰዎች ተገለባበጡ። «እናንተ ጋ ማሽከርከር ይፈቀዳል?» ሲል ጠየቀኝ። አይፈቀድም አልኩት። «ጥሩ» አለና አሳለፈን። ያ ጥያቄ በኋላ ምን ያህል እንደሚያጣላን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ጥር ላይ እንጅባራ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፈረስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ጠዋቱ ውርጭ ነው፤ የፈረሱ ትንፋሽ እንደ ጢስ ይታያል። የቆዩ ሰዎች አሁንም ኮሶበር ነው የሚሏት። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ዓድዋ የዘመተውን ፈረስ ከዘማቹ እኩል ያስባሉ። ዓድዋ የካቲት 23 የጊዮርጊስ ዕለት እንደነበረ ሁሉ የእነሱም በዓል ጥር 23፣ ያው የጊዮርጊስ ዕለት ነው። አንድ ነገር የሚወዱ ሰዎች ተደራጅተው፣ ደንብ አውጥተው፣ በዓመት አንድ ቀን አደባባይ የሚወጡበት ነገር ካየሁት ሁሉ ይኼን የሚያህል የለም። እኔ ሦስት ጆተኒ ይዤ «ዝግጅት» ልሠራ የመጣሁት እንግዲህ ወደዚህ አገር ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ትንሽ አፈርኩ።

ግምጃ ቤት የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ ናት። አንከሻ ከሰባቱ ቤት አንዱ ነው፤ ባንጃ፣ ዚገም፣ ቋቁራ፣ መተከል፣ ጫራና አዘና ሌሎቹ ናቸው። ግምጃ በጥንቱ አማርኛ የከበረ ጨርቅ ነው፤ ግምጃ ቤትም የከበረው ዕቃ የሚቀመጥበት። ስሙን ሰምቼ ቁልፍና መዝጊያ ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ የቀርከሃ አጥር፣ ድንች የጫነ ጋሪ፣ ባጃጅና ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው ነው። ልጁ በአዊኛ የሚያወራውን ወሬ አቋርጦ ሮጦ መጣና ብረቶቹን ከእኔ በፊት ተቀበለ።

ሦስቱ ጆተኒዎች በአንድ ዳስ ሥር ቆመዋል። ሦስቱም ደግሞ በየራሳቸው መንገድ የታመሙ ናቸው። የልጁ ጆተኒ አንድ እግሩ አጥሯል። ሁለተኛው፣ ከፑል ቤት የተዋስነው፣ ወለሉ ዝናብ ጠጥቶ መሐሉ ላይ አብጧል። ሦስተኛው በረኛ የለውም፤ በረኛው ተሰብሮ በቦታው የመብራት ገመድ የተጠቀለለበት እንጨት ቆሟል። በተለመደው ጆተኒ በየወገኑ አራት ብረት አለ፤ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አምስት መሐል፣ ሦስት አጥቂ፣ በድምሩ 11 ለ11። እዚህ አንደኛው ወገን በ10 ሰውና በአንድ እንጨት ነበር ዓመቱን የገፋው።

ጥር 19ን ከጠዋት እስከ ማታ ያሳለፍነው በዚህ ነው። ልጁ ውኃ ልክ የለውም። ያለው አንዲት ኳስ ናት፤ «አሮጊቷ» ይሏታል። ነጭ የነበረች፣ አሁን እንደ ጥርስ የበለዘች፣ ከባድ ኳስ። አሮጊቷን ወለሉ መሐል ያስቀምጣታል፤ እጁን ያነሳል፤ ትንፋሹን ይይዛል። ኳሷ ትንሽ ታመነታለች፣ ከዚያ ወደ አንዱ ማዕዘን ቀስ እያለች ትሄዳለች። እሱ ተንበርክኮ በዚያ ማዕዘን እግር ሥር እንደ ጥፍር የቀጠነች የቀርከሃ ቅራፊ ይወትፋል። መልሶ ያስቀምጣታል። አሁን ወደ ሌላው ማዕዘን። ሌላ ቅራፊ። እንዲህ እያለ ለአንድ ጆተኒ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በመጨረሻ አሮጊቷ ካስቀመጧት ቦታ ሳትነቃነቅ ስትቀር እሱም አይስቅም፣ አይጨፍርም፤ በእጁ መዳፍ ወለሉን አንዴ ያብስና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ያንን ሽማግሌ ከነሽቦው አስታወሰኝ።

ከሰዓት በኋላ አጎቱ መጡ። ፈረሰኛ ናቸው፤ ለ23 ፈረሳቸውን ሲያዘጋጁ ሰንብተው ልብሳቸው የኮርቻ ሽታ ይዟል። የቀርከሃ ወንበር ቀረበላቸው። ጥቂት አዩንና ጠየቁኝ፤

«ሽልማቱ ምንድን ነው ልጄ?»

«አምስት መቶ ብር ነው አባባ።»

«ከየት የሚመጣ?»

«ተጫዋቾቹ ለምዝገባ ከሚከፍሉት።»

«ታዲያ ይሄ ቁማር አይደለም?»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ይህችን ጥያቄ ስንት ወላጅ ስንት ጊዜ ጠይቆታል! ጆተኒ ቤት ከትምህርት ቤት አጠገብ ሲከፈት የሚቆጣውን ሰው እኔም አውቀዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ። ለአጎቱ የኒው ዮርክን ታሪክ ነገርኳቸው። ፒንቦል እዚያ ከ1942 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. የተከለከለ ነበር፤ ቁማር ነው፣ የልጆችን ሳንቲም ይበላል ተብሎ። ከንቲባው ላ ጋርዲያ ራሳቸው መዶሻ አንስተው ማሽኖቹን ሲሰባብሩ ፎቶግራፍ ተነስተዋል። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ ጨዋታው ዕድል ሳይሆን ችሎታ መሆኑን ላሳያችሁ አለ። ማሽኑን አዘጋጅተህበት ይሆናል ብለው ስለጠረጠሩት በተጠባባቂነት በመጣው በሌላኛው እንዲጫወት አስገደዱት። ሻርፕ ሞላውን ስቦ «ኳሷ በመሐለኛው መንገድ ታልፋለች» አለና ለቀቃት። በመሐለኛው አለፈች። ክልከላው ተነሳ።

ሽማግሌው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ባታልፍለትስ ኖሮ?» አሉ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሻርፕ ራሱ ኋላ ላይ ዕድልም እንደረዳው መናገሩን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈረስም እንደዚያው ነው» አሉ። ተነስተውም ወደ ልጁ ጆተኒ ሄዱና የአጥቂውን ብረት ያዙ፤ ጨብጠው ሳይሆን በሁለት ጣትና በአውራ ጣት፣ ልጓም እንደሚይዝ ሰው። ወደ ፊት ገፉት፣ ወደ ኋላ ሳቡት፣ የሚላላበትን አዳመጡ። «ብሩን ተዉት» አሉ ቆይተው። «ሌላ ነገር ስጡ። ደግሞስ ከአዘናና ከእንጅባራ የጠራችኋቸው ልጆች የት ያድራሉ? ምን ይበላሉ?»

ስለ ሽልማቱ፣ ስለ ጥሎ ማለፉ፣ ስለ ዕጣው፣ ስለ ድምፅ ማጉያው ለሁለት ሳምንት በስልክ ተነጋግረናል። ይህን ግን አንዳችንም አላነሳነውም ነበር። ያን ምሽት ከሦስት ቤት ፍራሽ ተሰበሰበ፤ የሽማግሌው ቤት ድንች ሲቀቀል አመሸ። ሽልማቱም ተለወጠ፦ ያሸነፉት ሁለቱ ልጆች የልጁን ጆተኒ ሰዎች በፈለጉት ቀለም ይቀባሉ፤ የምዝገባው ብር ለቀለምና ለቡና ይውላል።

ጥር 20 ነጋ። አሥራ ስድስት ጥንድ ጠብቀን አሥራ አንድ መጣ፤ አሥራ አንድን ለጥሎ ማለፍ ማካፈል ደግሞ ፈተና ነው። አምስቱን ጥንድ በዕጣ አሳለፍን። ያላለፉት ተቆጡ፤ ያለፉትም «ሳንጫወት ለምን?» ብለው ተቆጡ። ጨዋታው ተጀምሮ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ማሽከርከር መጣ። የእንጅባራዎቹ አንድ ዙር ሙሉ ማሽከርከር ይቻላል ይላሉ፤ የአዘናዎቹ ከነጭራሹ አይቻልም፤ የግምጃ ቤቶቹ ለበረኛ ብቻ። ከመሐለኛው ብረት የገባች ጎልስ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም? ይቺ ከማሽከርከሩም የባሰች ነበረች። አርባ ደቂቃ ሄደ። እኔ ጆተኒ በባሕር ማዶ ዓለም አቀፍ ማኅበር እንዳለውና ማኅበሩም የተጻፈ ሕግ እንዳወጣ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች እስኪስቁብን ከተከራከርን በኋላ እያንዳንዱ ጆተኒ በባለቤቱ ሕግ ይጫወት ተባለ። ስለዚህ አንዱ ላይ ማሽከርከር ጥፋት ነው፤ ሁለት እርምጃ ወዲያ ሄደህ ግን ጀግንነት።

ካየሁት ሁሉ የማልረሳው ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ሴት ልጆችን ነው። ዩኒፎርማቸውን አላወለቁም። አንዷ ከኋላ ስትሆን ጨርሶ አትናገርም፤ ፊተኛዋ ግን ከመምታቷ በፊት ሁልጊዜ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ተጋጣሚዎቻቸው ይህን እስኪያውቁ ድረስ ሁለት ጥንድ አሸነፉ። ሦስተኛዎቹ አወቁባቸው።

አሮጊቷ የጠፋችው ከዚያ በኋላ ነው። ከመርካቶ ያመጣኋቸውን አሥራ ሁለቱን ኳሶች ተጫዋቾቹ ከጠዋቱ ነው የጣሏቸው፤ ቀላል ናቸው፣ ይነጥራሉ፣ «እንቁላል ናቸው»። ሦስቱም ጆተኒ አሮጊቷን በተራ ነበር የሚጠብቁት። ግማሽ ፍጻሜው አልቆ ቡና ጠጥተን ስንመለስ የለችም። ከጆተኒው ሥር፣ ከድርቆሹ ውስጥ፣ ከሰዉ ጫማ መሐል ተፈለገች። ልጁ እንደ ድሮው የጠባቂነት ዓይኑ ሕፃናቱን ቃኘና ከስምንት ዓመት የማይበልጠውን አንዱን ያዘ። ኪሱ ተፈተሸ። አንድ ቁራጭ ዳቦ ብቻ። ሕፃኑ አላለቀሰም፤ ዳቦውን መልሶ ከቶ ከዳሱ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አላየነውም። ፍጻሜውን በእንቁላሏ ተጫውተው ግምጃ ቤቶች አሸነፉ፤ አዘናዎች ደግሞ እስከ ማታ «በአሮጊቷ ቢሆን ኖሮ» ሲሉ ነበር። በእርግጥም ቢሆን ኖሮ።

አሸናፊዎቹ ቀለም ሲመርጡ ተጣሉ። አንዱ አርሴናል አለ፤ ሌላው ማንቸስተር፤ ሁለቱም ቀይ መሆኑን አንድ ሰው አስታወሳቸው። ሽማግሌው ጣልቃ አልገቡም፤ ግን ፈረሳቸውን ከዳሱ ፊት ለፊት አስረውት ነበርና ዓይን መሄዱ አልቀረም። በመጨረሻ አንዱን ወገን ዳማ፣ ሌላውን ጉራች አደረጉት። ዳማውን ለማግኘት የበር ቀለምና የቆርቆሮ ቀለም ሦስት ጊዜ ተበጠበጠ። በማግስቱ አስተርዮ ስለሆነ ማታውኑ በባትሪ መብራት ቀብተው ጨረሱ፤ ሃያ ሁለቱን ሰዎች በብረታቸው እንደተሰኩ ዳሱ ላይ አንጠልጥለዋቸው አደሩ።

ጥር 22 ከፈረሰኞቹ ጋር ወደ እንጅባራ ተመለስኩ፤ እነሱ በፈረስ፣ እኔ በሚኒባስ። ሾፌሩ ጥሩምባ አልነካም፤ ከኋላቸው በሶምሶማ እየተከተለ ነዳ። ግላሱ ያብረቀርቃል፣ ቃጭሉ ይንቃጨላል። የልጁን አጎት ከመሐል ለየኋቸው፤ እጅ ብነሳም አላዩኝም።

እንጅባራ ወርጄ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ እጄን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። ከብሩ በፊት የነካሁት ሌላ ነገር ነው፤ ክብ፣ ቀዝቃዛ፣ ከባድ። ቡና ልጠጣ ስሄድ እንዳትጠፋ ብዬ ያነሳኋት እኔው ነበርኩ።

ረዳቱ መዳፌን አይቶ፣ «የጆተኒ ናት አይደል?» አለ።

«ግምጃ ቤት ትመለሳላችሁ?»

«አሁኑኑ ነው የምንዞረው።»

ሰጠሁት። የማን እንደሆነች ነገርኩት፤ ቤቱን ያውቀዋል። «እንግዳው ይዟት ነበር በልልኝ፤ ልጁ አልወሰዳትም» አልኩት። የትኛው ልጅ አለኝ። ስሙን አላውቀውም። «ዳቦ የያዘው» አልኩ። ረዳቱ ግራ እንደተጋባ ሚኒባሱ በር ላይ ዘሎ ወጣና አሮጊቷን በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ «ግምጃ ቤት! ግምጃ ቤት! አንድ ሰው!» ማለት ጀመረ።